በረዶው ሳይቀልጥ

ጋሽ መኩሪያ ዐረፉ። ዜናውን የሰማሁት እንደ ሌላው ሰው ሞት በስልክ አይደለም፤ ፌስቡክ ላይም ሻማ በርቶላቸው አላየሁም። ሰው መጥቶ፣ በር አንኳኩቶ ነገረኝ። ማን እንደመጣና ምን ይዞ እንደመጣ ቆይቼ እነግራችኋለሁ፤ እሱ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ሰውዬውን ማወቅ አለባችሁ። ሰውዬውን ለማወቅ ደግሞ ከእግራቸው መጀመር ነው። "እኔን ያሳደገኝ እናቴም አባቴም አይደሉም፣ እግሬ ነው" ይሉ ነበር።

እኔና ልጄ ብሌን እዚህ አሜሪካ፣ ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው አሮጌ አፓርትመንት የገባነው ስልክ ገና ይታጠፍ በነበረበት ዘመን ነው። ሕንፃው በኛ ሰው የተሞላ ነበር። ታች ሎቢው ውስጥ፣ የፖስታ ሳጥኖቹ አጠገብ አንዲት ወንበር አለች። በወረቀት የሕንፃው ንብረት ትሁን እንጂ በተግባር የጋሽ መኩሪያ ነበረች። ብዙ ዓመት ዲሲ ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ሆነው ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ከከተማው ራቅ ብሎ ጌይተርስበርግ ትልቅ ቤት የገዛው ልጃቸው "ይምጡ፣ አብረን እንኑር፣ የልጅ ልጅዎን ናቲንም ያሳድጉ" ቢላቸው "እዚያ መጥቼ ማንን ወደ ማን ልልክ?" ብለው እምቢ አሉት። ይህን አነጋገራቸውን የሰማሁት ቆይቼ ነው፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን ሳልሰማው በፊት አይቼዋለሁ።

ያየሁት ሕንፃው በገባን በማግስቱ ነው። ብሌንን ከትምህርት ቤት ይዤ ሎቢውን ሳቋርጥ "አንቺ ልጅ፣ እስቲ ነይ" አሉ። እኔን መስሎኝ ዞርኩ። ለካስ ብሌንን ነው። ሰባት ዓመቷ ነበር። አራተኛ ፎቅ እንድትወጣ፣ ከሊፍቱ ስትወርድ በስተቀኝ ያለውን የመጀመሪያውን በር እንድታንኳኳ፣ ሀሊማ የምትባለውን ሴትዮ "ጋሽ መኩሪያ አንድ ሎሚ ላኪልኝ ብለዋል" እንድትላት አዘዟት። ስማችንን አልጠየቁ፣ ፈቃዴን አልጠየቁ። ልጄ ቀና ብላ አየችኝና "ማሚ፣ ሁ ኢዝ ሂ?" አለችኝ።

ምን ልበላት? ማን እንደሆኑ እኔም አላውቅም። ግን እኔም ያደግኩት መንገድ ላይ ባገኘኝ ትልቅ ሰው ሁሉ እየተላክሁ ነውና አፌ ቀደመኝ። "ትልቅ ሰው ሲልክ ዝም ተብሎ ይሄዳል" አልኳት። እሷ በሊፍት ስትወጣ እኔ ደግሞ በደረጃው ከኋላዋ ሮጥኩ፤ ልጄን ለማላውቀው ሰው በር አሳልፌ ሰጥቼ መቆም አልቻልኩም። ቁና ቁና እየተነፈስኩ አራተኛ ፎቅ ስደርስ ሀሊማ በሯን ከፍታ ልጄን እየሳመቻት ነበር። የወሎ ሰው ናት፤ መሳም ከጀመረች አትጨርስም።

ሎሚዋ መጣች። ጋሽ መኩሪያ ተቀብለው ኪሳቸው ከተቷትና ወደኔ ዞረው፣ "ሎሚስ ቤቴ ሞልቷል፤ ልጅቷን ከሰው ላስተዋውቃት ብዬ ነው" አሉኝ። ላቤን አይተው ደግሞ "አንቺንም አስተዋወቅሁሽ መሰለኝ" ብለው ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስመለስ ሎቢው ውስጥ ቆም ማለት ልማዴ ሆነ። ጋሽ መኩሪያ የልጅነታቸውን ወሬ ከጀመሩ ሰው ሊፍቱ ተከፍቶለት እንኳ አይገባም ነበር። ያደጉት ጉለሌ ነው። "በኛ ጊዜ ሰፈሩ ስልክ አልነበረውም፤ ስልኩ እኛ ነበርን" ይሉናል። ወጥ ተጥዶ ሳለ እናታቸው ጨው እንዲያመጡ ይልኳቸዋል። መንገድ ላይ አንድ ጎረቤት ይጠራቸውና "ሱሪዬ ደርሷል ወይ ብለህ ልብስ ሰፊውን ጠይቅልኝ" ይላል። እምቢ ማለት የለም። ልብስ ሰፊው ደግሞ ክር አልቆበት ኖሮ ወደ ክር ሻጯ ይልካቸዋል። ክር ሻጯ ታማ ተኝታለች፤ ክሩን ሰጥታ ስታበቃ እግረ መንገዳቸውን እህቷን እንዲጠሩላት ትልካቸዋለች። እህቲቱ ጉለሌ ማዶ ናት። "እንዲህ እንዲህ ስል ውዬ፣ ወጡ ያለ ጨው ተበልቶ ካለቀ በኋላ ክር ይዤ ቤቴ እገባለሁ። እናቴ ስለ ጨው ትገርፈኛለች፤ በማግስቱ ልብስ ሰፊው ስለ ክሩ ይገርፈኛል፤ ሱሪው ያልደረሰለት ሰውዬም የድርሻውን ያነሳል።"

ከሁሉ የምወደው ግን የጋሽ ባይከዳኝን ታሪክ ነው። ጋሽ ባይከዳኝ የጎረቤት ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀን የጋሽ መኩሪያ አባት ልጃቸውን ጠርተው "ባይከዳኝ ጋ ሂድና፣ አባቴ ዛሬ እጁን ወለም ብሎታል በላቸው" ይሏቸዋል። ልጅ መኩሪያ በአባታቸው እጅ እያዘኑ ይሮጣሉ፤ መልእክቱን ቃል በቃል ያደርሳሉ። ሽማግሌው "እግዜር ይማረው" ይሉና ቀበቷቸውን ይፈታሉ። ለካስ ልጅ መኩሪያ ጠዋት የሰበሩት የጎረቤት መስታወት ወሬ አባታቸው ጆሮ ደርሶ፣ ወለምታው በእኔ ፈንታ ይግረፉልኝ ማለት ኖሯል። "የገዛ ግርፊያዬን በገዛ አፌ ተሸክሜ የሄድኩ ሰው ነኝ" ይሉናል። ሎቢው በሳቅ ሲፈርስ እሳቸው ቆጣ ብለው፣ "አትሳቁ። ጋሽ ባይከዳኝ ሲሞቱ ከልጆቻቸው እኩል ያለቀስኩት እኔ ነኝ" ይላሉ።

የዚያን ጊዜ ትልቅ ሰው ልጅ ሲልክ መሬት ላይ እንትፍ ብሎ "ይህ ምራቅ ሳይደርቅ ድረስ" ይል እንደነበር በዚያ ዘመን ያደገ ሁሉ ያውቃል። ሰዓት ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ ምራቅ ግን ሁሉም አለው። ልጅ ያቺን እርጥብ ቦታ እያሰበ ነፍሱ እስክትወጣ ይሮጣል። ጋሽ መኩሪያ ይህንኑ ሥርዓት እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ሊያስቀጥሉ ሞክረው፣ የሕንፃው ማናጀር መግቢያው በር ላይ ሲተፉ እጅ ከፍንጅ ያዘቻቸው። በማግስቱ ሊፍቱ አጠገብ ማስታወቂያ ተለጠፈ።

"ምን ይላል?" ብለው ጠየቁኝ። ለዘብ ላደርገው ብሞክርም አልለዝብ አለኝ፤ "መትፋት ክልክል ነው ይላል፣ ጋሼ" አልኳቸው። ወረቀቱን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ከልባቸው አዝነው "ታዲያ ልጆቹ በምን ይመለሳሉ?" አሉኝ።

ያን ሰሞን ልጅ ሳይልኩ ከረሙ። አንድ ቀን ታዲያ የወረቀት ኩባያ ይዘው ወረዱ። ኩባያው ውስጥ ከፍሪጅ የወጣች አንዲት ፍሬ በረዶ አለች። ብሌንን ጠርተው "ይህ በረዶ ሳይቀልጥ ድረሺ" አሏትና ልጅቷ ተፈተለከች። ወደኔ ዞረውም፣ "አየሽ፣ ፈረንጅ አገር ምራቅም ከፍሪጅ ነው የሚወጣው" አሉኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ የሕንፃው ልጆች ሁሉ የጋሽ መኩሪያ ሆኑ። ሥርዓቱ ቀልድ አልነበረም። የተላከ ልጅ በር አንኳኩቶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ሰላምታ ይሰጣል። መልእክቱን ከራሱ አንዲት ቃል ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ በአማርኛ ይናገራል። በእንግሊዝኛ የተነገረ መልእክት እንዳልደረሰ ይቆጠራል፤ ልጁ ተመልሶ ሄዶ ይደግመዋል። መልስ ተቀብሎ ይመጣል። የሚበላ ነገር ሲሰጡት መጀመሪያ "አይ፣ በቃኝ" ይላል፤ ሁለተኛ ሲሉት ይወስዳል። ይህችን የመጨረሻዋን ደንብ ልጆቹ ሳይነገራቸው ነው የያዟት። ረመዳን ሲገባ፣ ማፍጠሪያው ሲቃረብ፣ ልጆቹ ሁሉ ካልተላክን እያሉ ወንበሯን ይከቧታል፤ የሚላኩበትንም ቤት ራሳቸው ይመርጣሉ። ሀሊማም ስለምታውቅ ሳምቡሳውን አብዝታ ትጠብሳለች።

መልእክቱ ምንም ሊሆን ይችላል። አንድ ማታ የገዛ በራችን ተንኳኳ። ብከፍት ብሌን እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቆማለች። "እንደምን አመሹ። ጋሽ መኩሪያ፣ የትናንቱ ሽሮ ጨው በዝቶበታል፣ ግን እጅሽ ይባረክ ብለዋል" አለችኝ። እቤት ውስጥ በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ ናት። ሽሮውን ስለ መስደቧ ልቆጣ ወይስ "እንደምን አመሹ" ስላለችኝ ልሳማት ግራ ገባኝ። እሷ ግን ቀጥ ብላ ቆማ መልስ ትጠብቃለች፤ ኩባያው ታች አለ። "እሺ፣ ቀንሼ እሠራለሁ በያቸው" አልኳት፤ ሮጠች።

የሚገርመው በረዶዋ አትቀልጥም ነበር። ሊፍቱ የተበላሸበት ልጅ አምስት ፎቅ በደረጃ ወጥቶ፣ መልስ ጠብቆ፣ ሳምቡሳውን በልቶ ሲወርድ በረዶዋ እንዳለች ናት። ልጆቹ በገዛ ፍጥነታቸው ይደነቃሉ። አንድ ቀን እኔ ከተላከው ልጅ ቀድሜ ስወርድ ጋሽ መኩሪያ ከወንበራቸው ሥር ፔርሙዝ አውጥተው፣ የቀለጠውን ውሃ ሎቢው ያለው አበባ ላይ ደፍተው፣ ኩባያው ውስጥ አዲስ በረዶ ሲጥሉ ደረስኩባቸው። ምንም አልደነገጡም።

"ሮጦ መጥቶ ቀልጦ ያገኘ ልጅ፣ ነገ ምን ብሎ ይሮጣል?" አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ይህን ያስተማሩኝ እትዬ በላይነሽ ናቸው" አሉ።

እትዬ በላይነሽ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ ከጋሽ መኩሪያ በአሥራ ምናምን ዓመት የሚበልጡ አሮጊት ናቸው። ድሮ ጉለሌ ሙሽራ ሆነው ሲገቡ መኩሪያ የሚባል የጎረቤት ልጅ በራፋቸው ላይ ቆሞ አገኙ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ይልኩታል። ውቅያኖስ ተሻግረውም አልተዉትም። ሕንፃውን ሁሉ የሚልኩት ሰውዬ ስልካቸው ጮኾ "አቤት እትዬ" ካሉ አለቀ፤ ወንበሯ ባዶ ትቀራለች። እትዬ በላይነሽ ሎቢው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ "መኩሪያ፣ ተፍቻለሁ" ይሉና ስልኩን ይዘጉታል። ምን እንደፈለጉ አይናገሩም። እዚያ ሲደርሱ ነው የሚነገራቸው፤ አንድ ቀን ሴቨን ኮርነርስ ካለው የሐበሻ ሱቅ ሄዶ በርበሬ መግዛት ይሆናል፣ አንድ ቀን የራዲዮ ባትሪ መቀየር። ጋሽ መኩሪያ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ ያቺን አሮጌ ቶዮታ አስነስተው፣ ቤልትዌይ የሚሉት የቀለበት መንገድ ላይ ከመኪናው መዓት ጋር እየተጋፉ ድልድዩን ተሻግረው ቨርጂኒያ ይገባሉ። "ጋሼ፣ ጡረተኛ እኮ ነዎት፣ ነገ ቢሄዱስ?" ብላቸው፣ ስልኩን ያልሰማሁ መስሏቸው ነው መሰለኝ፣ "ተፍተዋል እኮ" አሉኝ።

ታዲያ አንድ ጊዜ መንገዱ ባዶ ሆኖላቸው ቀድመው ደረሱ። መኪና ማቆሚያው ላይ ሆነው ቀና ሲሉ እትዬ በላይነሽ በረንዳቸው ላይ ቆመዋል። የሚወስዱት መድኃኒት አፋቸውን አድርቆት ምራቅ የሚባል የላቸውም። ቶዮታዋን ከሩቅ አይተው ኖሮ ብርጭቆ ይዘው፣ ሲሚንቶው ላይ ውሃ ጠብ እያደረጉ ነው። "ብርጭቆውን እስኪያስቀምጡ መሪው ሥር ጎንበስ ብዬ ተደበቅሁ" አሉኝ ጋሽ መኩሪያ። "ከዚያ ሮጬ ገባሁ። 'አልደረቀም፣ ጎበዝ' አሉኝ።" እየሳቁ ነው የነገሩኝ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሯል። "ጉለሌም እኮ ሁልጊዜ እርጥብ ነበር። እኔ ፈጣን ነኝ ብዬ ነው ያደግኩት" አሉኝ።

ሁሉ ሰው ወደዳቸው ማለት አይደለም። ከፌርፋክስ መጥታ ሦስተኛ ፎቅ የገባች አንዲት እናት፣ ልጇ መላኩን በሰማች ቀን የሆስፒታል ሥራ ልብሷን እንደለበሰች ወርዳ ፊታቸው ቆመች። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይሄ አሜሪካ ነው። የሰው ልጅ ዝም ተብሎ አይላክም። ፖሊስ ኮል ባደርግስ?" አለቻቸው። እኔ ልመልስላት አፌን ስከፍት ጋሽ መኩሪያ በእጃቸው ዝም አሰኙኝ። ከወንበራቸው ተነሥተው "ልክ ነሽ ልጄ፣ አንቺን መጠየቅ ነበረብኝ" አሏት። ከዚያን ቀን በኋላ ልጇን አልላኩትም።

ልጁ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ሌሎቹ ሲሮጡ ያያል። ጥቂት ቀን ችሎ ቆየና አንድ ከሰዓት በኋላ "እኔስ? ዋይ ናት ሚ?" ብሎ ለቅሶውን ለቀቀው። እቤቱም ሄዶ እራት አልበላም ማለቱን በኋላ ሰማን። እናቱ በነጋታው ወርዳ፣ ወለሉን እያየች፣ "ጋሼ፣ እባክዎ ይላኩልኝ" አለች። ጋሽ መኩሪያ እሺ አሉ፤ ግን አንድ ነገር ጠየቁ፤ መጀመሪያ የምትላከው እሷ ናት። የቀልድ መስሏት ሳቀች። እሳቸው ኩባያውን አወጡ፣ በረዶ ጣሉበት፣ "አምስተኛ ፎቅ፣ ጥግ ላይ ያሉትን አሮጊት፣ ጋሽ መኩሪያ እንዴት አደሩ ብለዋል በያቸው። መልሱን ይዘሽ ነይ" አሏት። ከሥራ የመጣች ሴት፣ በዚያ በሆስፒታል ጫማዋ ደረጃውን እየዘለለች ወጣች። አሮጊቷ እግራቸውን ስላመማቸው ብዙ ቀን ሰው አላያቸውም ኖሯል፤ ቁጭ ብላ እግራቸውን አይታ፣ አሽታ፣ አንድ ሰዓት ያህል ቆይታ ወረደች። በረዶዋ አልቀለጠችም ነበር። ሴትዮዋ ኩባያውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ጋሽ መኩሪያን አየቻቸው። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ልጇን ሳይሆን ራሷን እንዲልኳት ትጠይቅ ጀመር።

ይህን ሁሉ የሚችሉት ሰውዬ አንድ ነገር ብቻ አቃታቸው። እሱም ናቲ ነው፤ የገዛ የልጅ ልጃቸው።

እሑድ እሑድ ልጃቸው መጥቶ ጌይተርስበርግ ይወስዳቸዋል። አንድ ጊዜ ናቲን የጎረቤታችሁ ስም ማን ነው ብለው ቢጠይቁት "ዊች ዋን?" አለ፤ የአንዱንም አያውቅም። ላይ ፎቅ ወጥቶ መነጽራቸውን እንዲያመጣ ላኩት። ናቲ ከሶፋው ሳይነሣ ላይ ላለችው እናቱ ቴክስት አደረገላት፤ እናቱ መነጽሩን ይዛ ወረደች። ሌላ ቀን ደግሞ ኩባያውን ከነበረዶው ሰጡት። "ታንክስ፣ አያቴ" አለና ኮካው ውስጥ ገለበጠው።

ይህን ሲነግሩን ሎቢው በሳቅ አለቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ሰዉ ሲበተን እኔን ጠርተው፣ "የሰውን ልጅ ሁሉ ልኬ፣ የልጄን ልጅ አንድ ቀን እንኳ ሳልልከው ልሞት ነው" አሉኝ። የዛሬ ልጅ ነው፣ አይዘኑ ብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ያልተላከ ልጅ እኮ ሰው በር ላይ ቆሞ ምን እንደሚል አያውቅም። ሲከፋው የማንን በር ያንኳኳል?" አሉኝ። እኔም ክፉ ቀን ሲገጥመኝ መጀመሪያ ያንኳኳሁት የሀሊማን በር ነው፤ በሩንም ያሳየችኝ አንዲት ሎሚ ናት።

ልጆቹ አደጉ። ብሌን ኮሌጅ ገባች። አዲስ የመጡት ሕፃናት ስልክ ይዘው መጡና ወንበሯ ዙሪያዋ ሳሳ። ጋሽ መኩሪያ ግን ኩባያዋን አልተዉም፤ እኛን ትልልቆቹን ይልኩን ነበር። ከዚያ ታመሙ።

ሆስፒታል ልጠይቃቸው ስሄድ ከሰውነታቸው የቀረው ዓይናቸው ብቻ ነበር። ሐኪሞቹ ምግብ ከልክለው፣ ውሃም ከልክለው፣ አፋቸውን እንዲያረጥቡበት የተፈጨ በረዶ በኩባያ ያመጡላቸዋል። "አየሽ ሥራቸውን፣ ምራቄን መልሰው እያበሉኝ ነው" አሉኝ። ናቲ ጥግ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። መንጃ ፈቃድ አውጥቶ፣ ጺም አብቅሎ፣ ከበሩ የሚረዝም ጎረምሳ ሆኗል።

"ናቲ፣ እስቲ ና" አሉት። መጣ። እሳቸው ሲሞቱ ቤተሰቡ በቴክስት እንዳይናገር፣ ፌስቡክ ላይም ፎቷቸውን እንዳይሰቅል፣ እሱ ራሱ በየበሩ ሄዶ እንዲናገር ነገሩት። "አያቴ፣ ዶንት ሴይ ዛት" አለ ናቲ። አልሰሙትም። ጎንበስ አድርገው መልእክቱን በጆሮው ነገሩትና በል ድገመው አሉት። በእንግሊዝኛ ጀመረ። ራሳቸውን ነቀነቁ። እንደገና ሞከረ፤ ሁለተኛዋ ቃል ላይ ድምፁ ተሰበረና ክፍሉን ጥሎ ወጣ። ጋሽ መኩሪያ የተዘጋውን በር እያዩ፣ "ሄደ" አሉኝ። ተልኮ ሄደ ለማለት ይሁን፣ ትቶኝ ሄደ ለማለት፣ ከፊታቸው ማወቅ አልቻልኩም። እኔ በልቤ ተስፋ ቆረጥኩ። በሕይወት ሳሉ ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

እንግዲህ አሁን ወደዚያች ጠዋት ልመለስ። ሐምሌ ነው፤ ውጭው ይፋጃል። በሬ ተንኳኳ። ብከፍት ናቲ ቆሟል። አንድ እጁን ወደ ኋላ አድርጓል፤ በሌላኛው የወረቀት ኩባያ ይዟል። ኩባያውን ሳይ፣ አፉን ሳይከፍት ገባኝ።

"እንደምን አደሩ" አለ። አማርኛው እንደ ድንጋይ መንገድ ይንገጫገጫል፤ ግን ይሄዳል። "አያቴ ጋሽ መኩሪያ፣ እኔ ቀድሜ ሄጃለሁ፣ እናንተ ግን አትቸኩሉ ብለዋል። የልቅሶው ሽሮ ጨው እንዳይበዛበት ብለዋል።" ትንፋሹን ሳበና፣ "ቀብሩ ቅዳሜ ነው። ይሄ ከአያቴ አይደለም፣ እኔ ነኝ የጨመርኩት" አለ።

አለቀስኩ። እየሳቅሁም ነበር፤ ሁለቱም አንድ ላይ መጡብኝ። እንዲገባ፣ ውሃ እንዲጠጣ ብለምነው "አይ፣ በቃኝ" አለ። ሁለተኛ ስለው ገባ። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ከጠዋት ጀምሮ ከጌይተርስበርግ ተነሥቶ ፌርፋክስ ያሉ ወዳጆቻቸው ጋ እንደደረሰ፣ እዚህም ሕንፃ ውስጥ ሀሊማና ሌሎቹ ቤት ገብቶ እንደወጣ፣ አሁን አሌክሳንድሪያ እትዬ በላይነሽ ብቻ እንደቀሩት ነገረኝ። ከዚያ እጁ ላይ ያለውን ኩባያ እያየ፣ "በረዶው እስካሁን አልቀለጠም። አይ ዶንት ጌት ኢት" አለ። ፊቱ በርቶ፣ በጣም ኮርቶ ነው ያለው።

"ስጠኝ፣ ውሃህን ስቀዳ ልያዝልህ" ብዬ ኩባያውን ተቀብዬው ወጥ ቤት ገባሁ። ውስጡ ያለችው በረዶ የምስር ፍሬ አክላለች። ውሃውን ደፋሁ፣ ፍሪጁን ቀስ ብዬ ከፈትኩ፣ አዲስ በረዶ ጣልኩበት። በኋላ ስንጠያየቅ ሀሊማም እንዲሁ አድርጋለች፤ "ሳምቡሳ ልቋጥርልህ" ብላ ነው ኩባያውን የወሰደችው። ሦስተኛ ፎቅ ያለችውም ሴትዮ አድርጋለች። ማንም ለማንም አልነገረም።

ቅዳሜ ሁላችንም መቃብሩ ጋ ተገናኘን። ብሌን ከኮሌጅ መጥታ ነበር። ከፍታቱ በፊት ከናቲ ጋር ዛፍ ሥር ቆመው ስታወራው አየሁ። ፔርሙዙን፣ የእትዬ በላይነሽን በረንዳ፣ እኛ ወጥ ቤት የሠራነውን ሁሉ ነገረችው። ናቲ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ በረዶ ጥሎበት ይዞት የመጣውን ያንኑ ኩባያ ደረቱ ላይ አስጠግቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ብሌን ጀርባውን ስትደባብሰው ቆየች።

ሁሉም አልቆ ሰው መበተን ሲጀምር፣ እትዬ በላይነሽ ተሽከርካሪ ወንበራቸውን ወደ መቃብሩ እንዲያስጠጉላቸው አዘዙ። ናቲ ገፋቸው። አዲሱ አፈር ላይ ጎንበስ አሉ፤ ከደረቀ አፋቸው እንደምንም ብለው እንትፍ አሉበት። አንዲት ነጥብ ናት። "መኩሪያ፣ ይህ ሳይደርቅ ድረስ" አሉ።

ፀሐዩ ከባድ ነበር። ያቺ ነጥብ ዓይናችን እያየ መሳሳት ጀመረች። እትዬ በላይነሽ እንደዚያ ሲያፈጡባት ናቲ ከኋላቸው ጎንበስ ብሎ ከኩባያው የቀለጠውን ውሃ ቀስ አድርጎ እላይዋ ላይ ጠብ አደረገ። አሮጊቷ ውሃው ሲወርድ አይተውታል። ፊታቸውን ወደ ዛፎቹ አዞሩና እጁ እስኪመለስ ድረስ ጠበቁት።